አሮጌ ሆቴል ፈርሶ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ እስኪቆም፦ ከአጥሩ ጀርባ የሚሠራው ሥራ

በከተማ መሃል አርባ ሃምሳ ዓመት የኖረ ሆቴል ተዘግቶ ዙሪያው በቆርቆሮ ሲታጠር መንገደኛው የሚጠብቀው ክሬኑ የሚቆምበትን ቀን ነው። ሥራው የተጀመረ የሚመስለው ያኔ ነው። ለሙያው ሰዎች ግን ፎቅ መደራረቡ ከሥራው ሁሉ በቀላሉ የሚገመተውና ቁጥጥር የሚመቸው ክፍል ነው። የጎረቤት ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ ሠራተኛ የሚጎዳው፣ በጀት የሚያልቀውና ቦታው ጉድጓድ ሆኖ ለዓመታት የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ አሮጌው ሕንፃ ሲፈታና መሬቱ ሲዘጋጅ ነው። እዚህም ሰፋ ያለውን ቦታ የሰጠነው ለዚያ ነው።

ለምን አይታደስም?

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው።

የሆቴል ሕንፃ ለመኝታ ክፍል ብቻ ታስቦ የተሠራ ነው። ከአንዱ ወለል እስከ ቀጣዩ ያለው ከፍታ ብዙ ጊዜ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ዘመናዊ ቢሮ የአየር ቱቦውን፣ የእሳት መከላከያ ውሃውንና የኔትወርክ ገመዱን ከኮርኒስ በላይ ስለሚደብቅ ወደ 4 ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ላይ በብዙ አሮጌ ሆቴሎች ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ራሱ ጭነት ተሸካሚ ነው። በየ4 ሜትሩ የቆመን የአርማታ ግድግዳ ቦታ ለማስፋት ብሎ ማንሳት አይቻልም።

ሆቴል ሆኖ ይቀጥል ቢባል ደግሞ ችግሩ ከቧንቧው ይጀምራል። የሁለት ጎረቤት ክፍሎች መታጠቢያ ቤት ጀርባ ለጀርባ ይገጥማል፤ በመሃላቸው ባለው ጠባብ ሻፍት ቀዝቃዛው፣ ሙቁና የፍሳሹ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የድሮው የጋልቫናይዝድ ብረት ቧንቧ ከውስጥ እየዛገ ይጠብባል። መጀመሪያ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ግፊቱ ይወድቃል፣ በመጨረሻ መገጣጠሚያው ላይ ይበሳል። አንዱን መስመር ለመቀየር በዚያ ሻፍት ዙሪያ ያሉት መታጠቢያ ቤቶች በሙሉ፣ ሕንፃው 20 ፎቅ ከሆነ 40 መታጠቢያ ቤቶች፣ ሴራሚካቸው ተሰብሮ መከፈት አለባቸው። ቱቦው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አንዱን ፎቅ እያደሱ ሌላውን ማከራየት አስቸጋሪ ነው።

እሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ላስ ቬጋስ ውስጥ በኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል በተነሳው እሳት 85 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ የነደደው በታችኛው የካዚኖ ወለል ላይ ነበር፤ አብዛኞቹ የሞቱት ግን በላይኞቹ ፎቆች፣ በደረጃው፣ በአሳንሰሩ ጉድጓድና በግንባታ መገጣጠሚያ ክፍተቶች በወጣው ጭስ ታፍነው ነው። ዛሬ ደንቡ አውቶማቲክ የውሃ ርጭትና ጭስ የማይገባባቸው ሁለት ደረጃዎች ሲጠይቅ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ያለው አሮጌ ሆቴል ሁለተኛውን ለመጨመር በየፎቁ የሚከራይ ክፍል መሠዋት ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚወስነው የመሬቱ ሒሳብ ነው። በብዙ ከተሞች በአንድ ቦታ ላይ የሚፈቀደው የወለል ስፋት የሚለካው በቦታው ስፋት ብዜት ነው። ቦታው 2,000 ካሬ ሜትር፣ ብዜቱ 15 ቢሆን 30,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ይቻላል። ሆቴሉ በዘመኑ ደንብ 10,000 ብቻ ሠርቶ ከሆነ 20,000 ካሬ ሜትር የሚሆን መብት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። አልሚው ሆቴሉን ሲገዛ ዋናውን ገንዘብ የሚከፍለው ገና ላልተሠራው ለዚያ ወለል ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማፍረስን ሁልጊዜ ትክክል አያደርገውም። ለሲሚንቶውና ለብረቱ ማምረቻ የወጣው ጭስ አንዴ ወጥቷል፤ አጥንቱ ጤነኛ የሆነን ሕንፃ ማፍረስ ያንን ኪሳራ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራው የሲድኒው ኤኤምፒ ሴንተር፣ ሆቴል ሳይሆን የቢሮ ሕንፃ ቢሆንም፣ ጥሩ ማሳያ ነው። ከምሰሶው፣ ከቢሙ (ከአግዳሚ ተሸካሚው) እና ከሶሌታው (ከወለሉ አርማታ) 65 በመቶ ያህሉ፣ አሳንሰርና ደረጃ ከሚይዘው መሃለኛ የአርማታ ግንብ ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ ሳይፈርስ እ.ኤ.አ. በ2022 ኪይ ኳርተር ታወር ተብሎ ሰፍቶና ከፍ ብሎ ሥራ ጀምሯል።

ስለዚህ ከውሳኔው በፊት አጥንቱ ይመርመር። በየፎቁ ከምሰሶና ከሶሌታ ናሙና ይሰረሰራል፤ አዲስ በተቆረጠው ፊት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ፈሳሽ ይረጫል። ጤነኛው ኮንክሪት ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል። በዓመታት ውስጥ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የገባበት ውጫዊው ክፍል ግን ቀለሙ አይለወጥም። ቀለም ያልያዘው ክፍል ውፍረቱ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ማለትም ፌሮው፣ ጋ ከደረሰ ፌሮው መከላከያውን አጥቷል። እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይፈነክተዋል። ምርመራው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ እሱ ሳይደረግ «ሕንፃው አርጅቷል» የሚል ሪፖርት ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

ጊዜም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ የቆመው በቀድሞው የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ቦታ ላይ ነው። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በሜይ 1929 ተዘጋ፣ ማፍረሱ በኦክቶበር ተጀመረ፤ በዚያው ወር የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። ቁፋሮው በጃንዋሪ 1930 ተጀምሮ 381 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ በሜይ 1931 ተመረቀ። በፍጥነቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ተከራይ አጥቶ ግን ለዓመታት ብዙው ክፍሉ ባዶ ቆየ። በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያው እንዲህ ከተገለበጠ፣ ዛሬ ከመዝጊያ እስከ ምረቃ አምስትና ስድስት ዓመት በሚወስድ ሥራ ላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መገመት ይቻላል። ሆቴሉን ለመዝጋት ዝቅተኛው መስፈርት፣ በእኛ ግምት፣ መሠረቱን ጨርሶ መሬት ወለል ድረስ ለመውጣት የሚበቃ ገንዘብ በእጅ መኖሩ ነው። ምክንያቱ ወደ ጉድጓዱ ስንደርስ ይታያል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

ለወራት ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር የለም። በውስጥ ግን ሦስት ሥራ ይካሄዳል።

አንደኛው መርዛማ ነገር ማውጣት ነው። አስቤስቶስ፣ ክሩ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን፣ በአሮጌ ሆቴል ውስጥ ሰው በማይጠረጥርበት ቦታ ይገኛል፦ በቦይለር ክፍል የሙቅ ቱቦ ሽፋን፣ በብረት ምሰሶ ላይ በተረጨ የእሳት መከላከያ፣ በቪኒል የወለል ንጣፍና በማጣበቂያው፣ በእሳት በሮች ሆድ ውስጥ፣ በአሳንሰር ፍሬን ላይ። የሚወጣበት ክፍል በፕላስቲክ ይታሸጋል። ማራገቢያ በጥሩ ማጣሪያ በኩል አየር ወደ ውጭ እየሳበ የክፍሉን ግፊት ከኮሪደሩ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፕላስቲኩ ቢቀደድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ክሩ አይወጣም። ፕላስቲኩ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መወጠር አለበት፤ ከላላ ማራገቢያው አቅም አጥቷል፣ ሥራው ይቆማል። ዕቃው ውሃ ተረጭቶበት ይነሳል፣ ሁለት ከረጢት ይለብሳል፣ ሠራተኛውም ሻወር ባለው የሦስት ክፍል መውጫ በኩል ይወጣል። ክፍሉ የሚከፈተው የአየር ናሙና ተወስዶ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.01 ክር በታች ሲሆን ነው። ይህን ውጤት የሚለካው ከአስቤስቶስ አውጪው ድርጅት ጋር ጥቅም የማይጋራ ላቦራቶሪ መሆን አለበት።

ከአስቤስቶሱ ሌላ በፍሎረሰንት መብራቱ ውስጥ ሜርኩሪ፣ በድሮ የመብራት ባላስትና ትራንስፎርመር ውስጥ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል፣ በአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ፣ በምድር ቤት የጄኔሬተር ናፍጣ አለ። የብረት ቀለሙ እርሳስ ካለበት በጋዝ ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስ ቆራጩን ይመርዘዋል። የአይጥ ጉዳይም አይናቅ፤ ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ምግብ ያጣው አይጥ በፍሳሹ መስመር ወደ ጎረቤት ይሰደዳል። የአይጡ መርዝ መቀመጥ ያለበት ማሽን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ማውጣት ነው፦ አልጋ፣ ፍራሽ፣ በር፣ መስታወት፣ ገንዳ፣ የወጥ ቤት ምድጃ። ባለ 300 ክፍል ሆቴል 300 ገንዳና 300 መጸዳጃ አለው፤ ገዢ አስቀድሞ ካልተፈለገ አብዛኛው ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል። ጂፕሰም ቦርድ ለብቻው ይለይ፤ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀብሮ ሲርስ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሦስተኛው መስመሮችን መቁረጥ ነው። መብራት፣ ጋዝና ቴሌ የሚቆረጡት በሕንፃው ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ነው። አንድ መስመር ግን በፍጹም ቀድሞ አይቆረጥም፤ እሱም የእሳት አደጋ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣበት ቧንቧ ነው። ከሚፈርሰው ፎቅ በታች እስከ መጨረሻው ሠርቶ መቆየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ በመፍረስ ላይ በነበረው የዶይቸ ባንክ ሕንፃ እሳት ሲነሳ፣ ይህ ቧንቧ ምድር ቤት ውስጥ ተቆርጦ ስለነበር ውሃ ወደ ላይ ሊወጣ አልቻለም። መተላለፊያዎቹም ለአስቤስቶስ ሥራ ታሽገው ነበር። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። በየሳምንቱ መጨረሻ ቧንቧውን ውሃ ሞልቶ መፈተሽ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ማፍረሱ

ብዙ ሰው ትልቅ ሕንፃ የሚፈርሰው በፈንጂ ይመስለዋል። ለከተማ መሃል ሆቴል ፈንጂ እምብዛም አይመረጥም፤ ሕንፃው የሚወድቅበት ነጻ ቦታና ለሰዓታት የሚለቀቅ ሰፈር ይፈልጋል። ክንደ ረጅም ኤክስካቫተር መሬት ላይ ቆሞ ሊያወርድ ይችላል፤ የተለመዱት ግን የሚደርሱት እስከ 30ና 40 ሜትር ነው። ዙሪያው በሕንፃ የተከበበ ረጅም ሆቴል ሲሆን የሚቀረው መንገድ ትንንሽ ኤክስካቫተሮችን በክሬን ጣሪያ ላይ አውጥቶ ፎቅ በፎቅ እያፈረሱ መውረድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ የሁሉም ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ መኖር አለበት። የመኝታ ክፍል ወለል ከራሱ ክብደት ሌላ እንዲሸከም የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። የኮንክሪት ፍርስራሽ በሜትር ኩብ 1.4 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍርስራሽ ብቻ 210 ኪሎ ነው። ስንዝር የማይሞላ ክምር የወለሉን አቅም ጨረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ማሽን ደግሞ 4ና 5 ቶን ነው። ፍርስራሹ የሚወርድበት ጉድጓድ ተደፍኖ ክምሩ አንድ ሜትር ቢደርስ ጭነቱ ከተነደፈው 7 እጥፍ ይሆናል። ሶሌታው ሲሰበር ክምሩ ከነማሽኑ ታችኛው ወለል ላይ ይወድቃል፤ ታችኛው ድንገተኛውን ምት አይችልም፤ እሱም ይሰበራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ምድር ቤት ይወርዳል። በማፍረስ ሥራ ከሚደርሱት ከባድ አደጋዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው።

መከላከያው ሁለት ነው። ማሽኑ ከቆመበት በታች ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ፎቆች በብረት ፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ይደገፋሉ። የላይኛው ፎቅ ፑንቴሎ ልክ በታችኛው አናት ላይ መዋል አለበት፤ በግማሽ ሜትር እንኳ ከተዛነፈ የላዩ ጭነት የታቹን ሶሌታ መሃሉን ይወጋዋል። ሁለተኛው፣ ፍርስራሹ እየተሰበረ ወዲያው በአሳንሰሩ ጉድጓድ ወይም ለዚሁ በተከፈተ ቀዳዳ ይወርዳል፤ ታች ያለው ክምርም ሳይውል ሳያድር ይነሳል፤ ካልተነሳ የጉድጓዱን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

በአንድ ፎቅ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ሶሌታ፣ ትንንሽ ቢም፣ ዋና ቢም፣ ከዚያ ምሰሶ ነው። የዳር ምሰሶዎችና የውጭው ግድግዳ መጨረሻ ይቆያሉ፤ ለአቧራውና ለሚፈናጠረው ድንጋይ አጥር ይሆናሉ። የዳር ምሰሶ ሲጣል አናቱ በሽቦ ገመድ ይታሰራል፣ እግሩ ላይ ኮንክሪቱ ተፈልፍሎ ፌሮው ይጋለጣል። የውጭው በኩል ፌሮ ይቆረጣል፤ የውስጡ ሳይቆረጥ እንደ ማጠፊያ ይቀራል። ሲጎተት ወደ ውስጥ ብቻ ያጋድላል። የውስጡ ፌሮ በስህተት ከተቆረጠ ምሰሶው ወደ መንገዱ ሊወድቅ ይችላል።

ሆቴል ከተራ አፓርታማ የሚለይባቸው ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ከመግቢያው በላይ የተንጠለጠለው መኪና ማቆሚያ ጥላና ሰገነቶቹ ናቸው። እነዚህ የሚቆሙት ከኋላቸው ያለው ወለል ክብደቱን ስለጫነባቸው ነው። የኋላው ቀድሞ ከፈረሰ የፊቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የተንጠለጠለው ይቀድማል።

ሁለተኛው የድግስ አዳራሹ ነው። አዳራሹ መሃል ላይ ምሰሶ ስለማይፈለግ፣ ከላይ የሚመጡት የመኝታ ፎቆች ምሰሶዎች ጣሪያው ላይ ባለ ግዙፍ ቢም ላይ ይቆማሉ። ይህ ቢም በውስጡ በተወጠረ የብረት ገመድ የተሠራ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ገመዱ የተወጠረው 15 ፎቅ እንደሚጫንበት ታስቦ ነው። ፎቆቹ አንድ በአንድ ሲነሱ የሚጫነው ይቀንሳል፣ ውጥረቱ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ቢሙ ወደ ላይ ይጎብጥና ይሰነጠቃል። ፎቅ በተነሳ ቁጥር ውጥረቱም በደረጃ መላላት አለበት። የትኛው ገመድ መቼ እንደሚላላ በስሌት የሚወስነው መሐንዲስ ነው፤ ለማሽን ሹፌሩ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ራሱ ሶሌታው በተወጠረ ገመድ የተሠራበት ጊዜ ነው። ሳይታወቅ የተቆረጠ ገመድ ጫፉን ሰብሮ ከሕንፃው ሊወነጨፍ ይችላል፤ በዚያ መስመር ያሉ ክፍሎችም በሙሉ ድጋፋቸውን በአንድ ጊዜ ያጣሉ። ፕላኑ ከጠፋ ሶሌታው በራዳር ይታያል፣ አጠራጣሪው ቦታም በእጅ ይከፈታል።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ። ቶኪዮ ውስጥ ወደ 140 ሜትር የሚጠጋው ግራንድ ፕሪንስ አካሳካ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2012ና በ2013 ሲፈርስ፣ ተቋራጩ ታይሴ ጣሪያውን ከላይ ትቶ በጃክ ደገፈው፣ ዙሪያውን ሸፈነው፣ ፎቆቹንም ከሥሩ እያወጣ ጣሪያውን ቀስ በቀስ ዝቅ አደረገ። ከውጭ የሚያይ ሰው ሕንፃው እያጠረ ሲሄድ ብቻ ነበር የሚታየው። ዕቃ የሚያወርደው የውስጥ ክሬን ሲወርድ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም አቧራውንና ጫጫታውን አጥብቆ ይቀንሳል።

የፍርስራሹ መጠን አስቀድሞ ይሰላ። የአርማታ ሕንፃ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ1 እስከ 1.5 ቶን ይመዝናል። 20 ፎቅ በ1,000 ካሬ ሜትር ከሆነ ከ20,000 እስከ 30,000 ቶን ነው፤ በባለ 20 ቶን ገልባጭ ከ1,000 እስከ 1,500 ምልልስ። መንገዱ በቀን 40 መኪና ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ማመላለሱ ብቻ ከ25 እስከ 38 የሥራ ቀን ይፈጃል። ማፍረሱ ከማመላለሱ ከቀደመ ያው የክምሩ አደጋ ይመጣል። ኮንክሪቱ ተፈጭቶ ለመንገድ ሥር ንጣፍ፣ ፌሮው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

ከመሬት በታች

ሕንፃው መሬት ሲነካ ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። ከዚህ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ከሁሉ የሚያሳስቡ ናቸው።

የምድር ቤቱ ግድግዳ ከጀርባው የመንገዱ አፈር ይገፋዋል። ያቆመው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የመሬት ወለሉ ሶሌታ ከዳር እስከ ዳር ደግፎታል። ያ ሶሌታ ድጋፍ ሳይተካለት ከተሰበረ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ እግረኛ መንገዱና ከሥሩ ያለው የውሃና የመብራት መስመርም አብሮ ይገባል። ስለዚህ ወይ በብረት ቧንቧ ከግድግዳ ግድግዳ ይደገፋል፣ ወይ ምድር ቤቱ በተፈጨ ፍርስራሽ ይሞላል፣ ወይ ሶሌታው አዲሱ ግድግዳ እስኪሠራ ይቆያል።

ውሃም ከታች ይገፋል። ምድር ቤቱ ከከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ 6 ሜትር ጠልቆ ከሆነ፣ ውሃው ወለሉን በካሬ ሜትር 6 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ፎቅ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ቶን ስለሚመዝን፣ አምስት ስድስት ፎቅ እስካለ ድረስ ሆቴሉ በክብደቱ ተጭኖት ይኖራል። ከዚያ በታች ሲቀር ባዶው ምድር ቤት ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል። መፍትሔው ወለሉን በስቶ ውሃው እንዲገባ መተው፣ በፍርስራሽ መጫን ወይም በጉድጓድ ፓምፕ ውሃውን ዝቅ ማድረግ ነው። ፓምፑ ግን የጎረቤቱንም ውሃ ይስባል፤ ውሃ ያጣ ለስላሳ አፈር ይሟሽሻል፣ በላዩ ያለው ቤትም ይሰምጣል። ሦስተኛውን ምርጫ የምንመክረው ዙሪያውን ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ካለ ብቻ ነው።

ከዚያ አሮጌዎቹ ፓይሎች፣ ማለትም ወደ መሬት ጠልቀው ሕንፃውን የተሸከሙት የመሠረት ምሰሶዎች፣ አሉ። በፕላን ላይ ያሉበትና በእውነት ያሉበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አዲሱ ቁፋሮ አሮጌው ፓይል ላይ ሲያርፍ መሰርሰሪያው ይንሸራተታል፣ ጉድጓዱ ይጣመማል። ፓይሉን ማውጣት ካስፈለገ ጥርስ ያለው ሰፊ የብረት ቱቦ እየተሽከረከረ ዙሪያውን ከብቦ ይወርዳል፣ ፓይሉ በውስጡ ተሰባብሮ ይወጣል። የቀረው ቀዳዳ በደካማ የሲሚንቶ ድብልቅ መሞላት አለበት፤ በላላ አፈር ከተሞላ አጠገቡ የሚቆፈረው አዲስ ጉድጓድ ይናዳል። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌዎቹን ቀድሞ ለክቶ አዲሶቹን በመሃላቸው መንደፍ ነው።

ለአዲሱ ጥልቅ ምድር ቤት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከቁፋሮው በፊት መሬት ውስጥ የሚፈስ የአርማታ ግድግዳ ነው። ጠባቡ ቦይ ሲቆፈር እንዳይናድ ቤንቶናይት በተባለ የሸክላ ፈሳሽ ይሞላል፤ ኮንክሪቱ ከታች እየገባ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። በቦዮቹ መገጣጠሚያ ላይ የተጣበቀ ሸክላ በደንብ ካልተፋቀ በኋላ ውሃ የሚያፈሰው በዚያ ነው።

ቁፋሮው ሲወርድ ግድግዳው በብረት ድጋፍ ወይም ወደ ጎረቤት አፈር ውስጥ በሚገባ የመልሕቅ ገመድ ይያዛል። ጊዜያዊ መልሕቅ የሚነደፈው ብዙ ጊዜ ለ2 ዓመት አገልግሎት ነው፤ ከዝገት የሚከላከለው ሽፋኑም ለዚያ ያህል ነው። ገንዘብ አልቆ ሥራው የቆመ ጉድጓድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። አጥሩ ተቆልፎ ክሬኑ ሲቆም ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ይመስላል፤ መልሕቁ ግን ይዝጋል፣ ዝናብም ይገባል፣ ጭነቱን የሚለካ ሰው የለም። ከዚህ የሚያድነው ከላይ ወደ ታች የመሥራት ዘዴ ነው፦ የመሬት ወለሉ ሶሌታ መጀመሪያ ይፈስሳል፣ ከሥሩ እየተቆፈረ ቀጣዩ ይፈስሳል፤ ቋሚው ሶሌታ ራሱ ግድግዳውን ይደግፋል። ቁፋሮው አዝጋሚና ውድ ቢሆንም ሥራው ቢቆም ግድግዳው የሚያስተማምን ድጋፍ አለው።

የፓይል ትልቁ ጠላት ከጉድጓዱ ሥር የተኛ ጭቃ ነው። ኮንክሪቱ በጭቃ ላይ ከፈሰሰ ፓይሉ ሲጫን ይሰምጣል። ስለዚህ ከማፍሰሱ በፊት ሥሩ ይጸዳል፣ ጥልቀቱም በገመድ በተንጠለጠለ ክብደት ይለካል፤ ከፌሮው ጋር ታስረው በወረዱ ቱቦዎች ውስጥም በኋላ የድምፅ ሞገድ ተልኮ ባዶ ቦታ መኖሩ ይፈተሻል። በፓይሎቹ ላይ የሚያርፈው የመሠረት ንጣፍ ብዙ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይችላል፤ የቡርጅ ኸሊፋው 3.7 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ንጣፍ ሲጠነክር ከውስጥ ይግላል። መሃሉ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱን የሚሰነጥቅ የኬሚካል ለውጥ ሊመጣ ይችላል። ከሲሚንቶው ከፊሉ ከከሰል ቃጠሎ በሚገኝ በራሪ አመድ ወይም በብረት ማቅለጫ ስላግ (ዝቃጭ) የሚተካውና ውሃው በበረዶ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ላይኛው ፊት ደግሞ በብርድ መከላከያ ይሸፈናል፤ መሃሉና ፊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከተራራቁ ፊቱ ይሰነጠቃል።

ግንቡ ሲወጣ

ከዚህ በኋላ ሥራው ተደጋጋሚ ነው። መሃለኛው የአርማታ ግንብ ራሱን በሚያወጣ ፎርምወርክ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) ጥቂት ፎቆች ቀድሞ ይሄዳል፣ ሶሌታዎቹ ይከተሉታል፤ ጥሩ ተቋራጭ በአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አንድ ፎቅ ይጨርሳል።

ሦስት ነገሮችን ብቻ እናንሳ። ምሰሶዎች ከጭነቱ የተነሳ ያጥራሉ። መሃለኛው ግንብና የዳር ምሰሶዎች እኩል ስለማያጥሩ ወለሉ ከጊዜ በኋላ ያዘነብላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቅ ሲፈስስ በስሌት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ግፊት ይጨምራል፤ 250 ሜትር የሚወርድ አንድ ቧንቧ ታች ላይ 25 ባር ይሆናል፣ ተራ የቧንቧ ዕቃም አይችለውም። ስለዚህ በየተወሰነው ፎቅ መሃል ታንከርና ፓምፕ ይቀመጣል፤ ለዚህ የሚሰጠው ፎቅ በመጀመሪያው ንድፍ ካልተያዘ በኋላ የሚከራይ ቦታ ይበላል። ነፋሱን በተመለከተ ሕንፃው አይወድቅም፤ ጥያቄው ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ ሰው ማቅለሽለሹ ነው። ታይፔ 101 ላይ 660 ቶን የሚመዝን ኳስ የተንጠለጠለው ያንን ውዝዋዜ ለማርገብ ነው።

ጎረቤት የሆነ ሰው ምን ይጠይቅ?

ከማሽን በፊት የቤቱ ሁኔታ በፎቶና በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፦ እያንዳንዱ ስንጥቅ፣ ከርዝመቱና ከስፋቱ ጋር፣ ቀን ተጽፎበት፤ አንድ ቅጂ ለጎረቤቱ ይሰጣል። በስንጥቆቹ ላይ መለኪያ፣ በግድግዳው ላይ የዝንባሌ መለኪያ፣ በመሠረቱ አጠገብ የንዝረት መለኪያ ይተከላል። የንዝረቱ ገደብ ቁጥር ይጠየቅ። በጀርመን ደረጃ 4150 መሠረት በዝቅተኛ ድግግሞሽ ለመኖሪያ ቤት በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጥንቃቄ ለሚሻ ታሪካዊ ሕንፃ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ገደቡ ሲታለፍ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሌሊትም የሚነሳ ስልኩ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ሆቴሉና የጎረቤቱ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ከነበሩ ደግሞ የሚጋለጠው ግድግዳ ዝናብ እንዳይገባበት ማን እንደሚለስነውና እስከዚያ በምን እንደሚደገፍ ማፍረሱ ከመጀመሩ በፊት ይፈረምበት።

መለኪያዎቹ የሚነሱት ሕንፃው ሲመረቅ ሳይሆን የመሬቱ መስመጥ በተከታታይ ንባቦች ለውጥ ማሳየት ሲያቆም ነው። በሸክላ አፈር ላይ ይህ ከምረቃው በኋላ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከፋዩና የሚከፈልበት ጊዜ ውሉ ውስጥ በግልጽ መግባት አለባቸው።